አንዱ አምፖል ይበቃል

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ከፋብሪካው መጋዘን

ለልጄ ለቆጣሪ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። እናትህ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል፣ ስትወርድ ግን ምንም አይላትም። ሐኪሙ ምክንያቱን አላወቀውም፤ እሷ «ደረጃው ነው እንጂ ጉልበቴ ምንም አልሆነ» ትላለች። እህትህ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፣ ሴት ናት። ጆሮዋ ቁርጥ የአንተ ነው ይላሉ። ሄጄ አይቻታለሁ፤ ለእኔ ጆሮ ጆሮ ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ ቆይቼ በጉልበትና በጆሮ መጀመሬ ሳይገርምህ አይቀርም። ሌላ አጀማመር ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በዚህኛው እንቀጥል።

የምጽፍልህ ከመጋዘን ነው። ከማሽን ቤት አዛውረውኛል። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ ደብዳቤውም የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚህ ወር መጀመሪያ ነው። የአስተዳደር ክፍሏ ጸሐፊ፣ ያቺ ማስቲካ ከአፏ የማይጠፋው፣ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና «ልጅዎ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጠይቋል» አለችኝ።

«ማንን ጠየቀ?»

«ቢሮውን ነዋ። ደብዳቤ ጽፎ።»

«ስለ እኔ ያነሳው ነገር አለ?»

«አባባ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠየቅ ስለ አባት አይነሳም እኮ።»

እውነቷን ነው። ቀጥላም የውሃ መግፊያ ጣቢያ ሊቀጥርህ መስማማቱን፣ ማስረጃው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ግን ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ነገረችኝ። «ችግሩ ግን» አለች ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ፋይሉ ላይ ያለው ‹በቸልተኝነት ምክንያት የተሰናበተ› የሚል ነው። እኔ ደግሞ ፋይሉ ላይ ያለውን ነው የምጽፈው። እንዲህ ብዬ ከምጽፍለት ባልጽፍለት ይሻለዋል።» እሺ ብያት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ያን ቀን የዘይት ግፊቱን ሁለት ጊዜ አሳስቼ መዝግቤአለሁ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖብኝ የማያውቅ ነገር ነው።

በዚያው ሳምንት መሐንዲሷ መጣች። ፋብሪካው ጄኔሬተሮቹን ራሱ የሚያገናኝ አዲስ ቦርድ ገዝቷል። ሰው ቆሞ አምፖል መጠበቁ ሊቀር ነው። መሐንዲሷ ከእህትህ ታንሳለች፤ ሁለት እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ሦስተኛውን ስትፈልግ ትውላለች። ወድጃታለሁ።

ሚስት ማግባትህን ሰምቻለሁ። ይህን ደብዳቤ እሷም ብታነበው ግራ እንዳይገባት፣ አንተ የምታውቀውን ነገር ልጻፈው። አንድ ጄኔሬተር እየሠራ ሁለተኛው እንዲያግዘው ስትፈልግ ዝም ብለህ እጀታ አትጎትትም። ሁለቱ መጀመሪያ እርምጃቸው መገጣጠም አለበት። በመካከላቸው፣ ቦርዱ ላይ፣ ሦስት አምፖሎች አሉ። አንዱ ማሽን ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ካለ አምፖሎቹ ይደምቃሉ፤ አብረው ከወጡና አብረው ከወረዱ ይጨልማሉ። ፍጥነታቸው በጥቂቱ የሚለያይ ከሆነ አምፖሎቹ አንዴ ይደምቃሉ አንዴ ይጨልማሉ። ልዩነቱ ሲሰፋ ቶሎ ቶሎ ነው፤ እየጠበበ ሲሄድ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ ቀስ ይላል። ቀስ ሲል ጠብቀህ፣ ልክ ሲጨልም እጀታውን ታስገባለህ። ሲደምቅ ያስገባ ሰው ሁለት የሚሮጡ ሰዎችን ፊት ለፊት አላትሟል ማለት ነው።

ድምፃቸውም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ አንድ ድምፅ ይሆኑና ከፍ ዝቅ ይላሉ። አንተ በሃያ ዓመትህ ሥራ ስትጀምር ለቦርዱ ጀርባህን ሰጥተህ፣ በጣትህ ጭንህን እየመታህ «አሁን አምስት ላይ ነው፣ አሁን ሰባት ላይ ደረሰ» ትል ነበር። ቆጣሪ የሚለውን ስም መካኒኩ ያወጣልህ ለዚህ ነው። እኔም ሁልጊዜ አንድ ነገር እልህ ነበር፣ ታስታውሰዋለህ፦ «ጆሮ ይሳሳታል፣ አምፖል አይሳሳትም። ቆጠራህን ተውና አምፖሉን እመን።»

መሐንዲሷ ሁለተኛው ማሽን ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ጠየቀችኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ጉዳት እንደደረሰበት ነገርኳት። «ሪፖርት የለውም?» አለችና ከመዝገብ ቤት አስወጣችው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴን ሳየው ያኔ ቆንጆ እንደነበር ታዘብኩ።

ያ ሪፖርት የሚለውን ታውቀዋለህ። ረፋድ ላይ ክር ክፍሉ ተጨማሪ ኃይል ፈለገ፤ ሁለተኛውን ማሽን እንድታስገባ አዘዝኩህ፤ አንተም ጨለማውን ሳትጠብቅ አስገባህ። የመጋጠሚያው ብሎኖች ተበጠሱ። አንደኛው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ማሽኑ ከመሠረቱ የአንድ ጣት ያህል ሸሸ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ግን ፋብሪካው አራት ወር በግማሽ ጉልበት ሠራ፣ የክር ክፍል ሰዎች ቤታቸው ተቀመጡ። መንገድ ላይ ሲያዩህ ፊታቸውን ሲያዞሩብህ አይቻለሁ። ከእነሱ ይልቅ በኀፍረት ፊቴን ማዞር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አላዞርኩም፣ አብሬህ ሄድኩ፣ ሰዎችም «አባት ማለት እንዲህ ነው» ብለው አደነቁኝ።

ሪፖርቱ ውስጥ ለኮሚቴው የሰጠኸው ቃልም አለ። ሁለት መስመር ናት። መሐንዲሷ እዚያች ላይ ስትደርስ ቆመች።

«‹ከጨለማ እስከ ጨለማ ስምንት እቆጥር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አራት ላይ ጠፋ› ይላል። ኦፕሬተሩ ይቆጥር ነበር እንዴ?»

«ይቆጥር ነበር።»

«ቆጠራው ይታመናል?»

«በድምፅ ነው የሚቆጥረው» አልኳት። መልስ እንዳልሰጠኋት አውቄአለሁ።

ከፀጉሯ አንዱን እስክሪብቶ አወጣችና በአንድ የዕቃ መጠየቂያ ጀርባ ላይ ሁለት ሞገድ ሳለች፤ አንደኛው ትንሽ ጠበብ ያለ ነው። ከሥራቸው ደግሞ የሁለቱን ልዩነት ሳለች። ልዩነቱ ከምንም ይነሳና ያብጣል፣ ያብጥና ተመልሶ ምንም ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ነገር ጋር ኖሬ ተስሎ አይቼው አላውቅም ነበር። በኋላ ወረቀቱን ስጪኝ ብዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

«እዩት እንግዲህ» አለች። «ከጨለማ እስከ ጨለማ ስምንት ከሆነ አራት ላይ ምንድን ነው? እብጠቱ ጫፍ ላይ ነው፣ አምፖሉ ከሁሉም የሚደምቅበት። አምፖል ከሚችለው በላይ የሚያገኘውም እዚያ ነው። የሚቃጠል አምፖል መቃጠል ያለበት እዚያ ላይ ነው። ልጁ ያየው ጨለማ ትክክለኛው ጨለማ አይደለም፤ አምፖል ተቃጥሎ ነው።»

እብጠቱን በጣቴ ተከተልኩት።

«ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «ሦስት አምፖል በአንድ ቅጽበት አይቃጠልም። ሁለቱ እየበሩ እንዴት ያስገባል? ስንት አምፖል ነበር ቦርዱ ላይ?»

በስምንት ዓመት ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው አልጠየቀም፣ ሥራ አስኪያጁ አልጠየቀም። «ምሳ ሰዓት ደረሰ» አልኳትና ወጣሁ። ከምሳ ስመለስ ደግማ አልጠየቀችኝም። ግን ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ አትስቅልኝም ነበር።

እንግዲህ አንተ የምታውቀውንና እኔም እንደምታውቀው የማውቀውን ልጻፈው። በዚያ ሰሞን መጋዘን አምፖል አልነበረም፤ «በሚቀጥለው ወር» ይሉ ነበር። እቤት ደግሞ እናትህ የእህትህን የሠርግ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ የሳሎኑና የጓዳው አምፖል ተቃጥሎባት በመስኮት ብርሃን ዓይኗን ታለፋ ነበር። ከቦርዱ ላይ ሁለቱን ፈትቼ ወሰድኩላት። አንተ ሳሎን ተቀምጠህ ሳስገባቸው አየኸኝና «አባዬ፣ ቦርዱስ?» አልከኝ። «አንዱ አምፖል ይበቃል፣ አንተ ደግሞ አታካብድ» አልኩህ። ሳቅህ። ሠርጉ እስኪያልፍ ብዬ ነበር።

አደጋው እንደደረሰ በጓሮ በር ወደ ቤት ሮጥኩ። አምፖሎቹን ከጣሪያው ፈታኋቸው፤ እናትህ አብርታ ትሠራ ስለነበር በሸሚዜ እጅጌ ነው የያዝኳቸው። ተመልሼ ስገባ ሁላችሁም ሁለተኛው ማሽን ዙሪያ ነበራችሁ፣ ቦርዱን የሚያይ ሰው አልነበረም። ሁለቱን ወደ ቦታቸው መለስኩ። የተቃጠለውን አውጥቼ ከቢሮዬ ጠረጴዛ መብራት ላይ ሦስተኛውን ገጠምኩ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ የእኔ ግን ስምንት ዓመት ሳይፈታ ቆየ።

ኮሚቴው ፊት አራት ላይ ጠፋ ስትል ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «ሦስቱም አምፖሎች ይሠራሉ፤ ሄደው ይዩ» አልኩ። ሄደው አዩ። ሠሩ። ሰብሳቢው ከዚያ «ሌላ የምትጨምረው አለህ?» አለህ። አየኸኝ። ዓይንህን ከእኔ ላይ ሳታነሳ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየህና «የለኝም» አልክ። ሰውየውም «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ስንብትህን ፈረመ።

ለምን ዝም እንዳልክ ጠይቄህ አላውቅም። የምንኖርበት ቤት የፋብሪካው ነው፣ የእህትህ ሠርግ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። አንዱን አስበህ ይሆናል፣ ሁለቱንም ይሆናል። ወይም ደግሞ እኔው ራሴ እስክናገር ጠብቀህ ይሆናል። ይህን ሦስተኛውን ነው ብዙ ጊዜ የማስበው። እየተላጨሁ፣ ጫማዬን እያሰርኩ አስበዋለሁ። አፍሬአለሁ፣ ልጄ። ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

መሐንዲሷ በጠየቀችኝ በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። አዲስ ሰው ነው፣ አንተ አታውቀውም፤ ሲያዳምጥ እስቴፕለር ከፍቶ ይዘጋል።

«ሁለተኛውን ማሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«የትኛውን? አሁን?»

«ከስምንት ዓመት በፊት።»

ተቀመጥ አለኝ። ለአንተ እንደጻፍኩት አድርጌ ነገርኩት፣ ከሠርጉ ልብስ ጀምሬ። እስቴፕለሩን አስቀመጠው።

«ጡረታህ መቼ ነው?»

«ከአራት ወር በኋላ።»

«ታዲያ አባባ፣ አራት ወር ዝም ብትል ምን ነበረበት? ስምንት ዓመት ችለኸው።»

«ልጁ ማስረጃውን የሚፈልገው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» አልኩት።

ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ጻፈውና ፈርም» አለኝ። ጻፍኩ። ጽሕፈቴ እንደ ድሮው አይደለም። መሐንዲሷ ደግሞ ቆጠራህ ለምን ልክ እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ገጽ አያያዘችበት፣ ከነሥዕሉ። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ። የድሮው ሰብሳቢ በሕይወት አለ፤ ከቤቱ አስጠርተውት መጣ፣ አነበበና ወጣ። ከፋይልህ ላይ ያ ቃል ተሰርዟል። እኔ ማሽን ቤት እንዳልገባ ተከልክዬ እስከ ጡረታዬ መጋዘን እንድቀመጥ ተወሰነ። ቤቱንም እስከዚያ ድረስ ትተውልናል። እንግዲህ አሁን ለፋብሪካው ሁሉ አምፖል የማድለው እኔ ነኝ። ትናንት መካኒኩ አንድ ሊወስድ መጥቶ «እቤት የሚወሰድ አይደለም፣ ልፈርም?» አለኝ። መሳቅ ነበረብኝ፣ ሳቅሁለት።

የከበደኝ ለእናትህ መንገሩ ነው። የአምፖሎቹን መምጣትና መሄድ ታውቃለች፤ ሥራ ቦታ ተፈለጉ ብያት ነበር፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር። ስጨርስ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና «ስምንት ዓመት ልጄን በስልክ ‹ተጠንቀቅ፣ ቸልተኛ አትሁን› እያልኩ ስገሥጸው፣ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር» አለችኝ። እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። የምትፈልገውን ለድመቷ ትነግራታለች፣ እኔ እሰማለሁ። ትናንት ድመቷ ዳቦ እንድትገዛ ታዘዘች፤ ሄጄ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለድመቷ «ጻፈለት ወይ?» አለቻት። ለዚህ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

አዲሱ ቦርድ ሐሙስ ሥራ ጀመረ። በመስታወቱ በኩል ቆሜ አየሁት፤ መግባት ስለማይፈቀድልኝ ነው። ማንም እጀታ አልነካም። ማሽኖቹ ከፍ ዝቅ ሲሉ፣ እየቀዘቀዙ ሲሄዱ ሰማሁ። ጣቴ ጭኔን ይመታ ነበር፤ እኔ ቆጥሬ አላውቅም፣ ከአንተ ተጋብቶብኝ ነው። ዘጠኝ ስል ገባ፣ ምንም ሳይንኳኳ።

ማስረጃህ ከዚህ ጋር አለ፣ ማኅተሙ ደርቋል። የስንብት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ አሁን የተጻፈውን አንብበው። የሰጠሁት ቃል ቅጂም አለ፤ ለአዲሶቹ አሠሪዎችህ ብታሳየው አይከፋኝም፣ ባታሳየውም የአንተ ጉዳይ ነው። መልስ ጻፍ አልልህም። ከጻፍክ ግን ለእናትህ ጻፍላት፤ ለድመቷ ስታነብላት እሰማዋለሁ።

አንተንም ባለቤትህንም ፈጣሪ ይጠብቃችሁ። የምትነካው ማሽን ሁሉ በሰላም ይነሳልህ፣ በሰላም ይቁምልህ። አብረውህ የሚሠሩት ሰዎች የምትለውን የሚሰሙ ይሁኑ። ልጅ ስትወልድም ከእኔ የተሻለ አባት ሁን፤ ይህን ስመርቅህ ብዙ እንደማይከብድህ አውቃለሁ።

አባትህ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ጥቅሉ ውስጥ በግራጫ ካልሲ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ እንዳይሰበር በቀስታ ፍታው። ያን ቀን ከቦርዱ ላይ ያወጣሁት አምፖል ነው። ልጥለው ስንት ጊዜ ተነስቼ፣ የሚስማር ቆርቆሮዬ ውስጥ መልሼ ከትቼዋለሁ። ጆሮህ አጠገብ ይዘህ ነቅነቅ አድርገው። የተበጠሰችው ሽቦ ውስጡ ስትንሿሿ ትሰማታለህ። አምፖሉ ነው የተሳሳተው፤ አንተ የቆጠርከው ልክ ነበር።